ካሜራ ያልገባበት ዋሻ፦ ስለ ግፍ ፊልሞች፣ ስለ ዘረት እና ስለ ሰሜን ሸዋ ቃል ግጥም

ምስክርነትና ሥነ ጽሑፍን የሚመለከተውን ኮርስ በየዓመቱ የምከፍተው በአንድ አጭር ፊልም ነው። ፈረንሳዊው አላን ሬኔ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው «ሌሊትና ጉም» ነው፤ ርዝመቱ 32 ደቂቃ ብቻ ነው። ናዚዎች በካምፖቻቸው የፈጸሙትን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በመሆኑ ሲያልቅ ክፍሉ ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን አልቸኩልበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከመርሐ ቤቴ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኛ አገር ስለ ተደረገውስ እንዲህ ያለ ፊልም የለም?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያን ዕለት ስለ የካቲት 12 አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ሰዓቱን ጨረስኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ሳልመልሰው የቀረሁትን ጥያቄ መልሶ የሚያነሣ ነው። የሚያተኩረውም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነው፣ የእኔም ትውልድ ከዚያው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ። «የምወዳቸው» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ ይከብደዋል፤ እየደጋገምኩ የማያቸው ብል ይሻላል። የሬኔ ብልኃት ሁለት ዐይነት ምስል አፈራርቆ ማስኬዱ ነው። ባለቀለሙ ምስል ካምፑ ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን ሣር የበቀለበትን ባዶ ግቢ ያሳያል፤ ጥቁርና ነጩ የዚያን የመከራ ዘመን ነው። ከጥቁርና ነጩ ገሚሱን ያነሡት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። ትረካውን የጻፈው ዣን ኬሮል በማውትሀውዘን ካምፕ ታስሮ የነበረ ገጣሚ ስለሆነ ቃሉ ምስሉን አይከተለውም፤ ይከራከረዋል። የፊልሙ ጉድለትም መነገር አለበት። ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ አይሁድ ስላለቀበት ነገር እየተረከ፣ «አይሁዳዊ» የሚለው ቃል በትረካው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሽው ብሎ ያልፋል። መታሰቢያ የሚሠራ ሰውም የሟቹን ስም ሊሰውር እንደሚችል ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በዚህ ፊልም ነው።

ክሎድ ላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ሾዋ» ደግሞ በተቃራኒው ከዘመኑ ፊልም አንዲት ቁራጭ አልወሰደም። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ይህ ሥራ የቆመው ከጥፋቱ በተረፉ፣ በአካባቢው በነበሩና በገዳዮቹ ቃል፣ እንዲሁም ዛሬ ባሉት ቦታዎች ምስል ብቻ ነው። ሲጀምር ሲሞን ስሬብኒክ የተባለ ሰው በፖላንድ ኼልምኖ በምትባል መንደር ወንዝ ላይ በጀልባ እየሄደ ሲዘፍን እንሰማለን። ይህ ሰው በ13 ዓመቱ እዚያው ታስሮ የነበረ ነው፤ ድምፁ መልካም ነበርና ጠባቂዎቹ በዚያው ወንዝ ላይ ያዘፍኑት ነበር። ሰው በጋዝ መኪና ይታፈን በነበረበት መንደር የቀረው ማስረጃ የአንድ ልጅ ዜማ ሆነ። እኛ የቃል ግጥም አስተማሪዎች ይህን ስናይ መደንገጥ አለብን። ዘፈኑ ስለ ዕልቂቱ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ነገር ግን የት እንደ ተዘፈነ፣ ማን እንዳዘዘው ሲታወቅ ከሰነድ የበለጠ ይመሰክራል። ክዋኔን ከግጥሙ ነጥሎ ማጥናት ምን ያህል እንደሚያጎድል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሦስተኛው የሶቪየቱ ኤሌም ክሊሞቭ «ና እይ» ነው፤ ይህም በ1985 የወጣ ነው። ለመንዝ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ነገሩ በቤላሩስ ገጠር ነው፦ ጫካ የገባ ሽምቅ ተዋጊ፣ ተዋጊውን የሚቀልብ ገበሬ፣ ገበሬውን ከነቤቱ የሚያቃጥል ወራሪ። በማብቂያው ላይ 628 የቤላሩስ መንደሮች ከነሕዝባቸው መቃጠላቸው ይነገራል። ከክሊሞቭ ጋር ስክሪፕቱን የጻፈው ደራሲ አሌስ አዳሞቪች በልጅነቱ ሽምቅ ተዋጊ የነበረ ሲሆን፣ ከፊልሙ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መንደር ለመንደር እየዞረ ከእሳቱ የተረፉ ገበሬዎችን ቃል በመቅረጸ ድምፅ ሰብስቦ አሳትሟል። ከካሜራው በፊት መቅረጸ ድምፁ፣ ከመቅረጸ ድምፁም በፊት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነበረ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የስቲቨን ስፒልበርግን «የሺንድለር ዝርዝር» (1993) ሁሉም ስላየው ብዙ አልልበትም። ትልቅ ሥራ ነው፤ ይሁንና መሐሉ ላይ የቆመው አዳኙ ነው፣ የሞቱት በዙሪያው ያልፋሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መንዝ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ጋር ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ብርዱን፣ ገብሱን፣ በጉንና ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና ነው። የአገሩ ሌላው መልክ ገደል ነው። ሜዳው ድንገት ያበቃና ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ተፋሰስ ቁልቁል ይወርዳል፤ በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ ብዙ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች የተጠጉት በዚህ መሬት ነው። ከእነዚህ ዋሻዎች አንዱ በዘረት የሚገኘው፣ ሕዝቡ አመፀኛ ዋሻ የሚለው ነው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚህ ዋሻ ተጠልሎ የነበረው አብዛኛው ሰው ተዋጊ አልነበረም። የአርበኞቹ ጓዝ ነበር ማለት ይቻላል፦ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት፤ ከእነርሱም ጋር በተሾመ ሸንቁጥ የሚመሩ ታጣቂዎች። የጣልያን ጦር ዋሻውን ከበበ፤ በተኩስ አልፈታ ሲለው «ግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ» ከተባለው ክፍለ ጦር የኬሚካል ጓድ አስመጣ። በዋሻው አፍ ኢፕሪት የተባለውን የሰናፍጭ ጋዝ ከላይ አውርደው አፈነዱት። ከጥቂት ታጣቂዎች ጋር ተሾመ ሸንቁጥ በሌሊት ከበባውን ጥሶ ወጣ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ በገደሉ አፋፍ ላይ ተረሸኑ፤ ቁጥራቸው ስምንት መቶ ያህል እንደ ሆነ ይነገራል። ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ደግሞ ብዙዎቹን ጋዙ ጨረሳቸው። ይህ የተፈጸመው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን፣ እንደ ፈረንጆቹ ከኤፕሪል 9 እስከ 11 ቀን 1939 ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንባቢ ያስላው፤ ሚያዝያ 1 ቀን የዚያ ዓመት ፋሲካ ነው። በዚያ ዓመት የምዕራቡም ፋሲካ በዚያው ዕለት ስለ ዋለ የከበቡትም የተከበቡትም በዓላቸው አንድ ቀን ነበር።

ጣልያን በጦርነት ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ውል የፈረመች አገር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 1936 በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ባሰሙት ንግግር ስለ መርዙ ከሰማይ መውረድ በግልጽ ተናግረዋል። ቢሆንም የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። የዘረት ነገር ደግሞ በሰነድ ተደግፎ ለዓለም የተገለጸው ከዚያም በኋላ፣ በ2006 ነው። ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በአገሩ የጦር መዝገብ ቤት ቴሌግራሞቹን አገኘ፤ ቦታው ድረስ መጥቶም ዋሻውን አየ። በኬሚካል ጓዱ ውስጥ የነበረው የአሌሳንድሮ ቦአልዮ ማስታወሻም በ2010 ታትሟል። በ2011 አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ባልደረባቸው የዋሻውን የሥነ ቁፋሮ ጥናት አወጡ። ያገኙት የሰው አጥንት፣ ቀለህ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የስፌት ቅሪት፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው። የጦር ምሽግ ብቻ አልነበረም፤ ሴቶች የሚፈጩበት፣ የሚጋግሩበት መንደር ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተጀመረው ፍጅት፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ስለ ደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ስናወራ ግራዚያኒን እንጠራለን፤ ትክክልም ነው። መነኮሳቱ በፍቼ አቅራቢያ በላጋ ወልዴ፣ ዲያቆናቱ ደግሞ በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንግጫ ተረሽነዋል። የፋሺስቶቹ ቴሌግራም 449 ሟቾችን ብቻ ሲቈጥር፣ ኢያን ካምቤል ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ ቁጥሩን በ1,423 እና በ2,033 መካከል አድርጎታል። ዘረት በጋዝ ስትታፈን ግን ግራዚያኒ ከተነሣ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንደራሴው በአገሩ ጨዋና ርኅሩኅ ተብሎ የሚወደሰው የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ ነበር። ግፉን ሁሉ በአንድ ጨካኝ ሰው ላይ መጣል ለፊልም ይመቻል፤ ለታሪክ ግን አይመችም።

ካሜራው በዚያን ጊዜ የት ነበር? ካሜራማ ሞልቶ ነበር። በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ራሱን የቻለ ክፍል አደራጅቶ መንገድ ሲጠረግ፣ በሽተኛ ሲታከም፣ ባላባት እጅ ሲነሣ ይቀርጽ ነበር። «ሉቻኖ ሴራ፣ አውሮፕላን ነጂው» የተባለው ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት የተሠራ ልብ ወለድ ፊልም በ1938 በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወስዷል። ጀግናው አብራሪ ነው፤ አውሮፕላኖቹ የሚጥሉት ምን እንደ ነበር ፊልሙ አያነሣም። ወታደሮች በግላቸው የተቆረጠ ራስ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ ከሉቼ ፊልም ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ያነሡት ግን ለማስታወሻ፣ ለኩራት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። የጁሴፔ ዴ ሳንቲስ የ1964 ፊልም ርዕስ «ጣልያኖች ደጋግ ሰዎች» የሚል ነበር፤ ነገሩ በሩሲያ ግንባር ስለ ነበሩ ወታደሮች ነው። አንጄሎ ዴል ቦካ በ2005 ያንኑ አባባል ለመጽሐፉ ርዕስ ሲያደርገው የጥያቄ ምልክት አከለበት። ስለ ሊቢያው ዑመር አል ሙኽታር የተሠራው የሙስጠፋ አቃድ «የበረሃው አንበሳ» (1981) የጦሩን ክብር ይነካል ተብሎ በጣልያን ታገደ፤ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። እኔ ግራዚያኒን ሲንቀሳቀስና ሲናገር መጀመሪያ «ያየሁት» በዚህ ፊልም፣ በእንግሊዛዊው ተዋናይ በኦሊቨር ሪድ ፊት ነው። ቢቢሲ በ1989 ያሳየውን «የፋሺዝም ውርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የጣልያን መንግሥት ቴሌቪዥን መብቱን ገዝቶ አስቀመጠው። በአንጻሩ ሮቤርቶ ቤኒኒ በ1997 ስለ ናዚ ካምፕ የሠራው «ሕይወት ውብ ናት» በዓለም ዙሪያ ተሸለመ። ፊልሙን አላጣጥልም፣ አልቅሼበታለሁ። ይሁንና በሶማሊያ ጠረፍ በደናኔ ኢትዮጵያውያን የታጎሩበት ካምፕ የጣልያን መሆኑን ስናስብ፣ ለጣልያን ሲኒማ የጀርመን ካምፕ ከራሱ ካምፕ ይልቅ ቅርብ መሆኑ ያስገርማል። ወደኋላ ላይ ግን ልጆቻቸው መጠየቅ ጀምረዋል። ቫሌሪዮ ቺሪያቺ በአፊሌ ከተማ በ2012 ለግራዚያኒ ስለ ቆመው መታሰቢያ «ምነው ያ ተዋጊ በሆንኩ» የተባለውን ፊልም በ2015 አውጥቷል፤ ስለ ደብረ ሊባኖስም አንድ የጣልያን ጣቢያ በ2016 ዘጋቢ ፊልም አሳይቷል።

እስካሁን የተናገርኩት የገዳዩን ካሜራ ዝምታ ነው፤ ይህን መናገር ቀላል ነው። ከባዱ የእኛ ነው።

እኛ ካሜራ አልነበረንም፤ ቃል ግን ነበረን። ፉከራው፣ ሽለላው፣ ቀረርቶው የዚያን ዘመን መዝገብ ነው። በጽሑፍም የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»፣ የዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ»፣ የሸዋን አርበኞች ታሪክ የሰበሰበው የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» አሉ። ነገር ግን ፉከራ የራሱ ሕግ አለው። ፎካሪው «እኔ» ይላል፤ ገዳይነቱን፣ ዘሩን፣ የፈረሱን ስም ይጠራል። ጠላት ፊት ለፊት ሲመጣ ይመቸዋል። በጋዝ ታፍና የሞተች ሴት ምን ብላ ትፎክር? ዐይኑ የጠፋ ሕፃን በየትኛው ስንኝ ይግባ? ከዘረት ፉከራው የወጣው ከበባውን ጥሰው ከወጡት ጋር ነው፤ እነርሱም ጀግኖች ናቸውና ክብራቸውን አልነካም። ወፍጮዋ ላይ የነበረችው ግን እዚያው ቀረች።

ለሞተ ሰው ያለን ሙሾ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ የሴቶች ግጥምም ነው፣ ከፉከራ ይልቅ ለዚህ የሚቀርበው እርሱ ነው። ሙሾ ግን የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ፦ የሟቹ ስም፣ የለቅሶ ቤት፣ ሲያልቅም ደረት የሚደቃ ዘመድ። አልቃሽ ከሟቹ ሕይወት አንዲት ምልክት፣ ጋሻውን ወይም ጥልፏን አንሥታ ነው ግጥሟን የምትሠራው። ቤተሰብ ከነጎረቤቱ በአንድ ዋሻ ሲያልቅ የሚለቀስለትም የሚያለቅሰውም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ስለዚህ የዋሻው ሰዎች በሁለት ዝምታ መካከል ቀሩ፤ አንዱ የወራሪው ሰነድ፣ ሁለተኛው የእኛው የግጥም ዘውግ።

ስለ ስሙም ላንሣ። በጣልያን ቴሌግራሞች ውስጥ የዘረት ሰዎች «ሪቤሊ» ናቸው፤ ትርጉሙ አመፀኞች ማለት ነው። ዋሻውም አመፀኛ ዋሻ ይባላል። በመንዝ አማርኛ ቃሉ ኩራት ሊኖርበት ይችላል፤ እምቢ ባይ እንደ ማለት። ቢሆንም አርበኛ ዋሻ አለመባሉን ልብ ይሏል። በመጽሐፎቻችን አርበኛ የሚለው ማዕርግ ጠመንጃ ለያዘው ተሰጥቷል፤ የገበሬዋን፣ የቁስለኛውንና የሕፃኑን የመከራ ስም ገና አላወጣንለትም። አይሁድ ለደረሰባቸው «ሾዋ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ የላንዝማን ፊልም ርዕስም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልተናገርኩ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ለሌላ ሰው የተሰነዘረ ይመስላል። በ1997 ዓ.ም. ለማስተርስ ዲግሪዬ ማሟያ የአርበኞችን ፉከራና ቀረርቶ ልሰበስብ ወደ መሐል ሜዳ አካባቢ ሄጄ ነበር። ልብ ይባል፤ የዘረት ሰነዶች ይፋ ከመሆናቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ካሴት የሚቀርጽ ቴፕ፣ ስድስት ባዶ ካሴትና ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ ይዤ ነበር። አንድ አዛውንት አርበኛ ቤት ተቀምጠን እርሳቸው ፎክረው ሲጨርሱ፣ ጥግ ላይ ባና ተከናንበው የነበሩ አንዲት ቆብ የደፉ እናት፣ «የጭሱንስ አልነግርህም፣ ልጄ?» አሉኝ። «እማሆይ፣ እርሱን ኋላ ይነግሩኛል» ብዬ ቴፑን አጠፋሁ። ወዲያው ሌላ ፎካሪ ጎረቤት አለ ተብሎ ወደዚያ ሄድን። ስመለስ ቡና ቀረበ፣ መሸ፣ በነጋታው መኪና ነበረኝ።

የትኛውን ጭስ ለማለት እንደ ፈለጉ ዛሬ የሚነግረኝ የለም። የተቃጠለ ቤት ጭስ ሊሆን ይችላል፤ የዋሻው ሊሆን ይችላል፤ መንዝ በዚያ ዘመን ብዙ ጭስ አይቷል። ከዓመታት በኋላ ስለ ዘረት ሳነብ ካሴቱን ፈልጌ አወጣሁት። የሽማግሌው ፉከራ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በተሲሱ አባሪ ውስጥም ከነሐተታው ገብቷል፤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ከፉከራው ቀጥሎ የሴትዮዋ ድምፅ፣ «የጭሱንስ…» ይላል፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ፤ ከዚያ የቁልፉ ቀጭ ማለት።

አሁን ተማሪዎቼን ለመስክ ሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ስልክ በየዘውጉ እንዲመድቡ አላዛቸውም። ማንም ሰው መናገር ከጀመረ እስኪያበቃ እንዲቀርጹ፣ ሴቶቹን ከወንዶቹ ለይተው በጓዳ እንዲያነጋግሩ፣ ዝምታውንም ጭምር እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ። በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል፤ ካዩት የሰሙ ልጆች ግን አሉ፣ እነርሱም እያረጁ ነው። ከመስክ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቁርጥራጭ ነው፦ አንድ የሰው ስም፣ ባለቤት የሌለው እርሻ፣ ሰው የማይገባበት የገደል ጥግ። አዳሞቪችም ሲጀምር የያዘው ከዚህ የተለየ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ፊልም የሚሠራ ሰው ከመጣ ከእነዚህ ይጀምር።

የመርሐ ቤቴዋ ተማሪ ጥያቄዋን በጠየቀችበት ዓመት መጨረሻ ላይ ካሴቱን ለክፍሉ አሰማሁ። ካለቀ በኋላ የጠየቀችኝ እርሷው ናት።

«ለምን አጠፉት፣ መምህር?»

ባትሪ ለመቆጠብ ነው አልኳት። ተሲሴን ከቤተ መጻሕፍቱ አውጥታ አይታው ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሱን በቃሏ አነበበችልኝ፤ በርዕሱ ውስጥ ፉከራና ቀረርቶ እንጂ ሌላ አልነበረም።